ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በጥምዝ ሐዲድ፦ በ45 ሳንቲም ሜትር ራዲየስ ይወጣል?

የንድፍ መምህር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጠይቀው ስለ ሞዴል ባቡር ነው። ባለቤቴ «መጫወቻው» ትለዋለች፤ እኔም ለቤቱ ሰላም ስል ስሙን ተቀብያለሁ።

ወንድሜ ከፍራንክፈርት ሲመጣ አንድ ሻንጣ ሙሉ ያገለገለ የኤች ኦ ባቡር አመጣልኝ። ልኬቱ 1፡87 ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር። አንድ ጥሩ ሎኮሞቲቭ፣ የጭነት ፉርጎዎች፣ እንዲሁም ብዙ ተጣጣፊ ሐዲድ አለኝ። ከጓዳው አጠገብ ያለችው ክፍልም ከረጅም ድርድር በኋላ ተፈቅዳልኛለች፤ 3.6 በ2.7 ሜትር ናት።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ደሴን ሳይረግጥ እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ ቢያንስ በቤቴ ለደሴ ጣቢያ ልሰጣት ወስኛለሁ። ታችኛው ወለል ኮምቦልቻ፣ ላይኛው ደሴ ይሆናል። የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት በግምት 600 ሜትር ስለሆነ ለ87 ሳካፍለው 6.9 ሜትር ወጣ። ጣሪያዬ 2.6 ሜትር ነው። ስለዚህ ሐረጎን፣ በሁለቱ መካከል ያለችውን ዳገት፣ ወደ 40 ሳንቲም አሳጠርኋት፤ ኮምቦልቻ ከመሬት 80፣ ደሴ 120 ላይ ይቀመጣሉ።

ይህን 40 ሳንቲም የምወጣው በክፍሉ ጥግ በሚቆም ጥምዝ መወጣጫ ነው። ሐዲዱ እየዞረ፣ አንዱ ዙር ከሌላው በላይ እየተደራረበ ይወጣል። ራዲየሱን 45 ሳንቲም፣ የአንዱን ዙር ከፍታ 10 ሳንቲም አድርጌ በአራት ዙር ነድፌዋለሁ። የአንዱ ዙር ርዝመት 283 ሳንቲም ስለሚሆን ዳገቱ 3.5 በመቶ ነው። ሎኮሞቲቩን በአንድ ሜትር 3.5 ሳንቲም በተነሣ ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ስድስት ፉርጎ ሳይንሸራተት ይጎትታል።

ጥምዙ ላይስ ስድስቱን ይጎትታል? ዙሮቹን በምን ላቁማቸው? እንጨቱስ ምን ዓይነት ይሁን? የሠፈራችንን አናጺ ባማክረው «ለባቡር ዳገት ምን ያደርግለታል? ደረጃ ልሥራለት» ብሎኛል።

---

አናጺው (ደሴ፣ ሸዋ በር)

መምህር፣ ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንተ ልበልህ። ሒሳብህ ትክክል ነው፤ ግን ግማሹን ነው የሠራኸው።

በ45 ሳንቲም ራዲየስ ስድስት ፉርጎ አይወጣም። ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ የፈተንኸው ዳገቱን ብቻ ነው። ኩርባ ላይ ግን የመንኮራኩሩ ከንፈር ከሐዲዱ ጎን ጋር ይፋተጋል፤ ይህ ፍትጊያ ለሎኮሞቲቩ ተጨማሪ ዳገት ሆኖ ይሰማዋል። በኤች ኦ የሚሠሩ ሰዎች ለግምት የሚጠቀሙበት ስሌት አለ፦ 81ን በሳንቲም ሜትር ለተለካው ራዲየስ አካፍል፤ የሚወጣው ቁጥር በመቶኛ ዳገቱ ላይ ይደመራል። 81 ለ45 ሲካፈል 1.8 ነው። 3.5 ሲደመር 1.8፣ 5.3 በመቶ። እኔን ከማመንህ በፊት ያንኑ ጣውላ በሜትር 5.3 ሳንቲም አንሣና ፉርጎህን ቁጠር።

አሁን ራዲየሱን 60፣ የዙሩን ከፍታ 9 አድርገው። ዙሩ 377 ሳንቲም ይሆናል፤ ዳገቱ 2.4፤ የኩርባው ጫና 1.35፤ ድምሩ 3.75። ጣውላህ ላይ ስድስት ፉርጎ ከጎተተበት ዳገት ብዙም አይርቅም። ቦታ ይበላል፤ ጠርዙን ጨምሮ 1.3 ሜትር በ1.3 ሜትር። ክፍልህ ይችለዋል። ባለቤትህ ጥግ ላይ ሁለት ትልልቅ የእህል ጆንያ ያስቀመጠች እንደሆነ ግን ድርድሩን እንደገና ጀምር።

ከፍታውን ከ10 ወደ 9 ያወረድሁት ዝም ብዬ አይደለም። እንጨቱ 8 ሚሊ፣ ሐዲዱ ከነአግዳሚው 5 ሚሊ ገደማ ይወስዳል፤ 77 ሚሊ ይቀርሃል። የአውሮፓ ሎኮሞቲቭ በዚህ ልኬት ከሐዲዱ በላይ 5 ሳንቲም ገደማ ነው። የቀረው ለጣቶችህ ነው። ከዚያ በታች ከወረድህ ባቡሩ ያልፋል፣ እጅህ ግን አይገባም፤ ፉርጎ ደግሞ ከሐዲድ የሚወጣው ሁልጊዜ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው። ስለዚህ መሐሉን ክፍት ተወውና ከሥር ጎንበስ ብለህ ገብተህ መሐል ላይ የምትቆምበት አድርገው። ወገብህ ዛሬ ደህና ከሆነ ነገ እንደማይሆን አስብ፤ መግቢያውን ሰፋ አድርገው።

እንጨቱን በተመለከተ ችፑድ የሚሉህን አትስማቸው። ዳዶ (የቡሎን ማሠሪያ) በሚጠብቅበት ቦታ ይፈረፈራል፤ እርጥበት ሲነካው ያብጥና አይመለስም። ኮምፔርሳቶ ግዛ፣ ስስ ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀውን፣ 4 ሚሊውን። ሁለት ድርብ አድርገህ በኮላ ታጣብቃለህ፤ የላይኛው መጋጠሚያ በታችኛው ቁራጭ መሐል ላይ እንዲያርፍ። እንዲህ ሲሆን መጋጠሚያው ላይ እብጠትም ስብራትም አይኖርም፤ ዙሩም አንድ ወጥ ሆኖ ይጠመዘዛል። ደግሞ ከአንድ ኮምፔርሳቶ ሙሉ ቀለበት ቆርጠህ መሐሉን የጣልህ እንደሆነ አላህ ይጠይቅሃል። የዙሩን አንድ ስድስተኛ የሚሆን ቅስት በካርቶን ቅረጽ፤ ስፋቱ 9 ሳንቲም ይሁን፣ ከ55.5 እስከ 64.5። ቅስቶቹን አንዱን በሌላው ጉያ እያስገባህ ሣላቸው፤ 122 በ244 ከሆነው ኮምፔርሳቶ ላይ የሚተርፈው እምብዛም ነው። ከመቁረጥህ በፊት እንጨቱ በራስህ ክፍል ጥቂት ቀን ተኝቶ ይሰንብት። በክረምት ከደሴ የተገዛ ኮምፔርሳቶ የእኛን ጉም ጠጥቶ ነው የሚመጣልህ፤ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሲደርቅ ይሸሻል።

ማቆሚያው ላይ ነው ደስ የሚለው። ሙሉ ፊሌቶ፣ ማለት የቡሎን ጥርስ፣ ያለው የ8 ሚሊ ብረት በሜትር ይሸጣል። በግማሽ ቁረጠው። በዙሩ ላይ ስምንት ቦታ፣ በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ከውስጥ አንድ ከውጭ ታቆማለህ፤ 16 ዘንግ፣ 8 ሜትር ብረት ማለት ነው። በጥንዶቹ መካከል አጭር አግዳሚ እንጨት ይተላለፋል፤ ከሥሩ ዳዶና ሮንዴላ (ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት)፣ ከላዩም እንዲሁ። መንገዱ በዚያ ላይ ይተኛል። አሁን ልብ በል፦ ዘጠኝ ሳንቲም ለስምንት ሲካፈል 11.25 ሚሊ ነው። የ8 ሚሊ ቡሎን የተለመደው ፊሌቶ በአንድ ሙሉ ዙር 1.25 ሚሊ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማቆሚያ ከፊተኛው በትክክል ዘጠኝ የዳዶ ዙር ከፍ ይላል። ማስመሪያ እንኳ አያስፈልግህም፤ ዳዶውን በቀለም ነጥብ ምልክት አድርገህ መቁጠር ነው። ውሃ ልኩን የምትጠቀመው ግራና ቀኙን ለማስተካከል ብቻ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። አራት ዙር ብለህ አትጀምር፤ መውጫህ በየት በኩል እንደሆነ ወስነህ ጀምር። አራት ተኩል ዙር በ9 ሳንቲም 40.5 ይሰጥሃል፤ የሚወጣውም ከገባበት በተቃራኒው ወገን ነው። ደሴ ጣቢያህ በዚያ ወገን ከሆነ ተገላግለሃል።

---

የድሬው ጡረተኛ (ሐይቅ)

አናጺው የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ እጃቸው ይባረክ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት ድሬዳዋ በምድር ባቡር አቴሊዬ (የጥገና ክፍል) ውስጥ ነው፤ አሁን ከልጄ ጋር ሐይቅ ከተማ ተቀምጫለሁ። ስለ ኩርባው ጥቂት ብናገር ቅር አይላችሁም ብዬ ነው።

ሁለቱ መንኮራኩሮች በአንድ አክስል ላይ ተጣብቀው ይዞራሉ። ኩርባ ላይ የውጭው ሐዲድ ከውስጠኛው ይረዝማል፤ ሁለቱ መንኮራኩሮች ግን እኩል ነው የሚዞሩት። ስለዚህ አንዱ መንሸራተት አለበት። መንኮራኩሩ ሾጠጥ ተደርጎ የሚሠራው ይህን ለማቃለል ነው፤ ኩርባው ሲጠብ ግን እሱም አይበቃም፣ ከንፈሩ ሐዲዱን ይነክሳል። ዋናዎቹ የመስመር መሐንዲሶች ዳገት ላይ ኩርባ ሲገጥማቸው የዳገቱን ልክ በኩርባው መጠን ይቀንሱለታል። መምህር ያሰቡት የተገላቢጦሽ ነበር፤ ጠባብ ኩርባ ላይ ጠንካራ ዳገት።

ዓለም ላይ እንዲህ ያሉ እውነተኛ መስመሮች አሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሃቻፒ የሚባለው በ1876 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን፣ ረጅም የጭነት ባቡር ከራሱ ጭራ በላይ ሲያልፍ ይታይበታል። ስዊዘርላንድ ብሩዚዮ ያለው ደግሞ በ1908 የተከፈተ ነው፤ ባቡሩ ሜዳ ላይ በድንጋይ ቅስት ድልድይ ይዞርና በገዛ ድልድዩ ሥር ሾልኮ ይሄዳል። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው፣ ልክ እንደ ቀድሞው የጅቡቲ መስመራችን። ራዲየሱ 70 ሜትር፣ ዳገቱ 7 በመቶ። በመምህር ልኬት 70 ሜትር 80 ሳንቲም ይመጣል። የእርስዎ 45 ሳንቲም በእውነተኛው ዓለም 39 ሜትር ነው! 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መስመር ላይ እንዲህ ያለ ኩርባ ቢያዩ የእኛ አለቆች ጫማቸውን አውልቀው ይሸሹ ነበር። 60 ሳንቲሙም ቢሆን 52 ሜትር ነው፤ ለቤት ግን ይሁን።

ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ ከሜዳው ወደ ዳገቱ በአንድ ጊዜ አይግቡ። መግቢያውን ግማሽ ሜትር ያህል ቀስ እያደረገ እንዲነሣ ያድርጉት፤ መውጫውንም እንዲሁ። ድንገት ከተሰበረ የሎኮሞቲቩ የፊት መንኮራኩር ይንጠለጠላል፣ ወይም የፉርጎዎቹ መንጠቆ ከፍና ዝቅ ብሎ ይላቀቃል። የአናጺው ዘጠኝ የዳዶ ዙር እዚያ ላይ ሦስት፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ ዘጠኝ ይሁን። ሁለተኛ፣ ባዶና ቀላል ፉርጎ ከፊት አያስቀምጡ። ከባዱ ጭራ ወደ ታች ሲጎትት፣ ሎኮሞቲቩ ወደ ላይ ሲስብ፣ መሐል ያለው ቀላል ፉርጎ ወደ ኩርባው ውስጥ ይጋደማል። ከባዱ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ፣ ቀላሉ ከኋላ። ይህ ሕግ በትልቁም ባቡር ላይ ይሠራል።

---

ሐራ ገበያ (ወልድያ)

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን ለምን ይደበቃል? አራት ተኩል ዙር በ377 ሳንቲም ወደ 17 ሜትር ነው። በልኬቱ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ባቡር እዚያ ውስጥ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይጠፋል። እንግዳ ተቀምጦ የእንጨት ማማ ሊመለከት? የደሴ መንገድ እኮ ውበቱ መውጣቱ መታየቱ ነው። ሐረጎ ላይ ከአውቶቡስ መስኮት ወደ ታች ኮምቦልቻን ያላየ ማን አለ? ሐዲዱን በግድግዳው ዙሪያ እያስኬድህ አውጣው። ዳገቱ በሙሉ በዓይን ይታያል፤ ኩርባውም አራት ጥግ ላይ ብቻ ነው።

---

አናጺው (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ልጄ፣ ሐሳብህ ያማረ ነው፤ ግን ሜትር ያዝ። የክፍሉ ዙሪያ 12.6 ሜትር ነው። ጥጎቹ ሲጠመዘዙ ከግድግዳው ትርቃለህ፣ 11 ሜትር ይቀርሃል። 40 ሳንቲም ለ11 ሜትር 3.6 በመቶ ነው፤ ጥጎቹ ላይ ደግሞ የኩርባው ጫና ይጨመራል። ሁለት ጊዜ ዙርበት ካልህ ዳገቱ ይለዝባል፣ ነገር ግን በሩ ላይ ሁለት ድልድይ ትዘረጋለህ። የመምህር ባለቤት ቡና ይዛ በሁለት ድልድይ ሥር ጎንበስ ብላ የምትገባ ይመስልሃል?

መታየቱን ግን አልነቀፍሁም። መምህር፣ ወደ ክፍሉ ከሚዞረው ወገን ያሉትን ዘንጎች በተቻለህ አራርቃቸው፤ መሸፈኛ አታድርግበት። ባቡሩ በየዙሩ አንድ ጊዜ ብቅ ሲል ይታያል። ከዘንግ እስከ ዘንግ ያለው ርቀት ከ50 ሳንቲም ብዙ ካለፈ ግን ባለ 8 ሚሊው እንጨት ይረግባል፤ እዚያ ወገን ላይ ከሥሩ የእንጨት ቀጭን ማገር ለጥፍበት።

---

የንድፍ መምህር (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ጣውላውን በ5.3 አንሥቼ ሞከርሁት። ሦስት ፉርጎ ጎተተ፤ አራተኛውን ስጨምርበት መንኮራኩሩ በቦታው እየዞረ ቀረ። ክርክሩ አልቋል፤ 60 ሳንቲም፣ አራት ተኩል ዙር። ደሴ ጣቢያም በመስኮቱ በኩል ሄዳለች፤ እንዲያውም የጦሳን ተራራ ከጀርባዋ ለመሥራት የሚመች ግድግዳ ነው። የወልድያውን ወንድማችንን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልጣልሁም፤ ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወርደውን በግድግዳው ላይ ሳላደርገው አልቀርም።

አቶ ጡረተኛ፣ ስለ ፉርጎ አደራደሩ አመሰግናለሁ። ከባዱን ከኋላ የማስቀመጥ ልማድ ነበረኝ፤ ከጣውላው ላይ ለምን እንደማይወድቅ አሁን ገባኝ፣ ኩርባ ስላልነበረው ነው።

የቀረኝ የመብራት ነገር ነው። መቆጣጠሪያው ተራው፣ እጀታ የሚዞርበት ነው። 17 ሜትር ሐዲድ በአንድ ጥንድ ሽቦ ይበቃዋል? ደግሞ የእኛ ሠፈር መብራት ሳይናገር ይሄዳል፤ ባቡሩ ዳገቱ መሐል ላይ ሳለ ቢጠፋ ወደ ኋላ ይንከባለላል?

---

ኤሌክትሪሺያኗ (ኮምቦልቻ)

በአንድ ጥንድ ሽቦ አይበቃውም፤ ችግሩ ከሐዲዱ ይልቅ ማያያዣዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ የሐዲድ ማያያዣ ሲቆሽሽ ወይም ሲላላ ትንሽ ትንሽ ኃይል ይበላል፤ ላይኛው ዙር ላይ ሲደርስ ሎኮሞቲቩ ልክ ብዙ ኃይል በሚፈልግበት ጊዜ ይደክማል። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ባለሁለት መስመር የመዳብ ሽቦ በአንዱ ዘንግ ጎን ከታች እስከ ላይ ይውጣ። ከእሱ ላይ በየግማሽ ዙሩ ቀጭን ሽቦ ወደ ሐዲዱ ውጫዊ ጎን በስታኞ፣ ቀልጦ በሚያያይዘው የመበየጃ ብረት፣ ይበየዳል። የተጣጣፊ ሐዲዱን መጋጠሚያ ቀጥ ብሎ ሳለ በይዱትና ከዚያ እጠፉት፤ ካጠፉት በኋላ ከበየዱት መጋጠሚያው ላይ ማዕዘን ይፈጥራል፣ ፉርጎውም የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ግን ሁሉንም አይበይዱ። በየዙሩ አንድ መጋጠሚያ ሳይበየድ፣ ግማሽ ሚሊ ክፍተት ይዞ ይቅር፤ በእኛ ከተማ ሙቀት ሐዲዱ መዘርጊያ ካጣ ወደ ጎን ይጎብጣል። በዚያ ክፍተት ግራና ቀኝ ሽቦ መኖሩን ያረጋግጡ።

መብራት ሲሄድ ስለሚሆነው፦ ሎኮሞቲቩን ገልብጠው ይዩት። ሞተሩ በጥምዝ ጥርስ (እንደ ቡሎን በተጠማዘዘ ጥርስ) በኩል የሚያሽከረክር ከሆነ፣ አብዛኞቹም እንዲሁ ናቸው፣ መንኮራኩሩን በእጅ ለማዞር ቢሞክሩ እምቢ ይልዎታል። ያ ማለት መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቆማል፣ ፉርጎዎቹንም ይይዛቸዋል። አደጋው መብራቱ ሲመለስ ነው። እጀታው እንደተከፈተ ከቀረ ሎኮሞቲቩ በአንድ ጊዜ ይዘልላል፣ መንጠቆው ይላቀቃል፣ ፉርጎዎቹ ደግሞ ጥምዝ ጥርስ የላቸውም፤ አራቱን ዙር ወርደው ኮምቦልቻ ጣቢያን ይመታሉ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ እጀታውን ወደ ዜሮ፣ ከዚያ ሻማ ፍለጋ። በውጭው ጠርዝም ላይ ከሐዲዱ 3 ሳንቲም ከፍ የሚል ከለላ ያድርጉ፤ ከ120 ሳንቲም ከፍታ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ፉርጎ አይጠገንም።

ሌላው፣ ሐዲዱን በምንም ዓይነት ዘይት አይጥረጉ። በአልኮል የተነከረ ጨርቅ ይበቃል። ዘይት የነካው ዳገት ላይ የሁሉም ስሌት ከንቱ ነው።

---

የንድፍ መምህር (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ሎኮሞቲቩን ገልብጬ አየሁት፤ መንኮራኩሩ በእጅ አይንቀሳቀስም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጋሼ፣ ፊሌቶ ብረቱን፣ ዳዶውንና ሮንዴላውን እዚሁ ገዝቻለሁ። ቅስቶቹን ግን በእጅ መጋዝ ስቆርጥ ጠርዙ እየተሰነጠረ አስቸገረኝ። እርስዎ ዘንድ ማሽን ካለ ቅዳሜ ካርቶኑን ይዤ ደሴ ልውጣ? ዋጋውን ንገሩኝ፣ ኮምፔርሳቶውንም ጭኜ እመጣለሁ።

---

አናጺው (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ና፤ ከሰዓት በኋላ የሙሽራ አልጋ አስረክባለሁ። ኮምፔርሳቶውን ጠቅልለህ አታምጣ፣ ይሰበራል፤ በሁለት ጣውላ መሐል አስረህ በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስተኛው፤ ለረዳቱም ሰው እንዳያስቀምጥበት ንገረው። ዋጋው ቀላል ነው፣ እንተያያለን። ካርቶኑ ላይ ግን ልኩን በሚሊ ሜትር ጻፍልኝ፤ በሳንቲም የተጻፈ አልቆርጥም።